የካህኑ ዝምታ

የመረጃ ቋት ጠባቂ ሆኜ ካሳለፍኋቸው ሌሊቶች አንዱ ከኅሊናዬ አይጠፋም፤ በሁለት ሰርቨሮች ላይ በአንድነት ሊፈጸም የተጀመረ የገንዘብ ዝውውር፣ ሁለቱም «ዝግጁ ነኝ» ብለው ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ፣ ፍጻሜውን ሊያውጅ የሚገባው አስተባባሪ ሰርቨር መብራት ሄዶበት ዝም ስላለ፣ ወደፊት የሚያሳልፈውም ወደኋላ የሚመልሰውም አጥቶ፣ የደንበኞችን ሒሳብ እንደ ቈለፈ ቆመ። አብሮኝ ያመሸው ወጣት፣ ዝውውሩ በጥርጣሬ ላይ መሆኑን ከስክሪኑ አንብቦ፣ «ጋሼ፣ ማሽንም ይጠራጠራል እንዴ?» ቢለኝ፣ የጂም ግሬይን ሠርግ አጫወትሁት።

አሜሪካዊው ሊቅ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚፈጸም ወይ ጨርሶ የማይፈጸም ሥራ) የሚባለው አሳብ ከውል ሕግ የመነጨ መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ ምሳሌውን ከክርስቲያን ሠርግ ያመጣል፤ ሙሽሮቹ ቀናትም ይሁን ዓመታት ሲነጋገሩ ቈይተው በካህኑ ፊት ይቆማሉ፣ ካህኑም ሁለቱን ይጠይቃል፣ ሁለቱም እሺ ሲሉ ጋብቻቸውን ያውጃል፣ አንዱ እምቢ ካለ ግን ነገሩ እንዳልነበረ ይሆናል። በዚያ ሌሊት የገጠመን እንግዲህ፣ ሙሽሮቹ ቃል ከሰጡ በኋላ የካህኑ ተዝለፍልፎ መውደቅ ነበረ። ካህኑ የሚያውጀውን፣ በቢሮ «ኮሚት» የምንለውን ቃል ተርጉም ብባል «ማጽናት» እለው ነበር፤ የጸና ነገር መብራት ቢጠፋም አይሻርምና።

ከግሬይ ሁለት ዓመት በኋላ ቴዎ ሄርደርና አንድሪያስ ሮይተር የትራንዛክሽንን አራት ባሕርያት፣ የአቶሚሲቲን (አለመከፈልን)፣ የኮንሲስተንሲን (አለመጋጨትን)፣ የአይሶሌሽንን (መነጣጠልን) እና የዱራቢሊቲን (ጽናትን) የእንግሊዝኛ መጀመሪያ ፊደላት ገጣጥመው «አሲድ» አሉ፤ ለማስታወስ ይመቻል እንጂ ለእኔ ከቀልድ አያልፍም። ከአራቱ የምወደው የፊተኛውን ነው፤ አቶም በጽርእ ቋንቋ የማይከፈል ማለት ሲሆን፣ የፊዚክስ ሊቃውንት ከከፈሉት በኋላ ቃሉ ጥንታዊ ትርጓሜውን ያገኘው በእኛ ሙያ ነውና።

ዝም ከሚለው ማሽን አልፈው፣ ለአንዱ እንዲህ ለሌላው እንዲያ ስለሚል ከዳተኛ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1982 የጻፉት ላምፖርት፣ ሾስታክና ፒዝ ደግሞ ከተማ የከበቡ የቢዛንታይን የጦር አዛዦችን ምሳሌ አደረጉ፤ በፊርማ ባልታተመ መልእክት ሲነጋገሩ አንድ ከዳተኛን ለመቋቋም ቢያንስ 4 አዛዦች ያስፈልጋሉ። ላምፖርት በመጀመሪያ «የአልባንያ አዛዦች» ሊላቸው ነበር፤ አገሪቱ በዚያን ጊዜ የተዘጋች ስለ ነበረች የሚቀየም አይኖርም ብሎ ነው፤ ጃክ ጎልድበርግ አልባንያውያን በውጭም እንደሚኖሩ ቢያሳስበው ስሙን ለወጠ። ቢዛንታይን ሲባል ለእኔ ቀድመው የሚታዩኝ ግን ከዳተኞች አዛዦች ሳይሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ ተሰብስበው የመቅዶንዮስን ትምህርት ያወገዙት 150 ሊቃውንት ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ስምምነታቸውን ያጸኑት የማይስማማውን በመለየት ነበር።

ወጣቱ ልቡ ከተቈለፈው ሒሳብ ላይ ነበርና፣ «ሁለቱም እሺ ካሉ በእጃችን እናጽናው» አለኝ። ከለከልሁት፤ እሺታቸው ከካህኑ ጆሮ መድረሱን አላወቅንምና። ንጋት ላይ መብራቱ ተመልሶ አስተባባሪው ሲነሣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የራሱን ሎግ (የሥራ መዝገቡን) አነበበ፤ ከማወጁ በፊት መጻፍ ሥርዐቱ ስለሆነ፣ «ኮሚት» የሚለው ቃል ከመጨረሻው መስመር ላይ ተጽፎ ተገኘ። ወዲያው ለሁለቱም አወጀ፤ ሒሳቡም ተከፈተ።