ዋና ኦዲተር ጅማ ሲደርስ

የፌዴራል መንግሥት በጀት ጅማ ላይ ብዙ ቤት አለው። ዩኒቨርሲቲውና የሕክምና ማዕከሉ፣ መልኮ ላይ የቡና በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ያወጣው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ወደ አጋሮና በደሌ፣ ወደ ቦንጋም የሚወስዱት ዋና መንገዶች ሁሉ ገንዘባቸው የሚጸድቀው አዲስ አበባ፣ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ገንዘቡ ለተፈቀደለት ሥራ መዋሉን መርምሮ ለዚያው ምክር ቤት የሚናገረው ደግሞ የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነው።

የሊሙ ወይም የጎማ ነዋሪ በወረዳው ጤና ጣቢያ ወይም በቀበሌው ትምህርት ቤት ሒሳብ ቅር ቢለው ግን ደጁ ሌላ ነው፤ የክልሉ በጀት የሚመረመረው በኦሮሚያ ዋና ኦዲተር ሲሆን፣ ሪፖርቱን የሚሰማውም ጨፌ ኦሮሚያ ነው። የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብ ደግሞ የኅብረት ሥራ መዋቅሩ ጉዳይ ነው። ይህን ለይቶ አለማወቅ ብዙ አቤቱታ መንገድ ላይ ያስቀራል።

አገራችን ዋና ኦዲተርን በሕገ መንግሥት ያወቀችው በንጉሡ ዘመን፣ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 101 ዋና ኦዲተሩን ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲያቀርብ፣ ምክር ቤቱ እንዲሾም ይላል። እጩ የሚያቀርበው የአስፈጻሚው አለቃ፣ የሚመረመረውም አስፈጻሚው መሆኑን ልብ ይሏል። በምርት ገበያ የቡና ላቦራቶሪ ቀማሹ ሲኒው ውስጥ ያለው ቡና የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ናሙናው በኮድ ነው የሚቀርብለት። ኦዲተሩ ግን የማንን ሒሳብ እንደያዘ ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ ነጻነቱን የሚጠብቅለት ሕጉና የሾመው ምክር ቤት ብቻ ናቸው።

ሥራው የሚጀምረው ከሰነድ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ኦዲተሮች መጥተው የወጪ ማስረጃዎችን ያስቀርባሉ። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19 ተቆርጧል? ሲወጣስ ሞዴል 22? መዝገቡ ላይ ያለው መጋዘን ውስጥ ይገኛል? ግዥው በጨረታ ነው ወይስ አንድን ግዥ ከፋፍሎ በፕሮፎርማ? ለሠራተኛ ወይም ለተቋራጭ በቅድሚያ የተሰጠ ገንዘብ ተወራርዷል ወይስ ዓመት እየቆጠረ በተሰብሳቢ ሒሳብ ተይዟል? ከዚያ የመውጫ ስብሰባ ይደረጋል፤ መሥሪያ ቤቱ መልስ ይሰጣል፤ ኦዲተሩም ሒሳቡ ነቀፌታ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት አስተያየቱን ይጽፋል። አንዳንዴ ማስረጃው ከመጉደሉ የተነሣ አስተያየት መስጠት እንኳ አይቻልም፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

ለሕዝቡ የበለጠ የሚቀርበው ግን የክዋኔ ኦዲት ነው። አንድ የሆስፒታል መሣሪያ በሕጋዊ ጨረታ ተገዝቶ፣ ደረሰኙ ተሟልቶ፣ ሣጥኑ ሳይከፈት ቢቀመጥ የሒሳብ ኦዲቱ አንዳች ጉድለት ላያገኝበት ይችላል። የክዋኔ ኦዲት የሚጠይቀው መሣሪያው በሽተኛ መርምሮበት እንደሆነ ነው። መንገዱ በተባለው ጊዜና ጥራት ተሠርቷል? የምርምር ማዕከሉ ዝርያ ገበሬው ማሳ ደርሷል? እንዲህ ያለው ጥያቄ ብር ከመቁጠር ያለፈ ነው።

ዋና ኦዲተሩ አይከስም፣ አያስርም። ወንጀል ያለበት ግኝት ሲያጋጥመው ለፍትሕ አካል ያሳውቃል፤ ዋና ጉልበቱ ግን ሪፖርቱ ነው። ሪፖርቱን ይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን በይፋ የሚጠይቀው የምክር ቤቱ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። ሰንሰለቱ የሚላላውም እዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዋና ኦዲተር የነበሩት ለማ አርጋው ለክልሎች በተሰጠ የፌዴራል ድጎማ ላይ ያቀረቡት ሪፖርት ከመንግሥት ጋር አጋጫቸው፤ ከቦታቸውም ተነሱ። በኋላ ቢሮውን ለረጅም ጊዜ የመሩት ገመቹ ዱቢሶም ሆኑ የተኳቸው መሠረት ዳምጤ ለምክር ቤቱ ባቀረቧቸው ሪፖርቶች ያው ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያው ከመመሪያ ውጭ የሆነ ግዥ ተመልሶ ይመጣል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ከዝርዝሩ አይጠፉም።

ይህ የሚያስቆጨኝ ግኝቱ ስለሌለ ሳይሆን፣ እያለ ባለመታረሙ ነው። ጉድለት ያገኘው ኦዲተር ሥራውን ጨርሷል፤ የቀረው የሌሎች ነው። ቋሚ ኮሚቴው የአንድን ዩኒቨርሲቲ ወይም የአንድን መንገድ ጉዳይ ሲሰማ ችሎቱን አዲስ አበባ ብቻ ከሚያደርገው እዚያው ጅማ አዳራሽ ውስጥ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢያካሂደው እመርጣለሁ። ያን ጊዜ ኃላፊው የሚመልሰው መድኃኒት አጥታ በተመለሰችው እናትና መንገድ ተበላሽቶበት ቡናውን በወቅቱ ገበያ ማድረስ ባልቻለው ገበሬ ፊት ይሆናል።