ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን የእናት ጡት ወተትን ስለ ማበልጸግ

ከዲላ በስተ ደቡብ፣ በይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኘው ኮንጋ በውጭ አገር ሳይቀር ስሟ የሚጠራው በቡናዋ ነው። በዚያች ቀበሌ አንዲት እናት በሰባተኛው ወሯ ብትገላገል ግን የቤተሰቡ ጭንቀት ሌላ ነው፤ ጡት ለመሳብ እንኳ አቅም የሌለው ሕፃን ምን ይመገብ?

የመጀመሪያው መልስ የእናቲቱ ወተት ነው። በተለይ እንገሩ ገና ያልጠናውን አንጀት ከብርቱ ሕመም ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ፅንስ ለአጥንቱ የሚያሻውን ካልሲየምና ፎስፈረስ በአብዛኛው የሚያከማቸው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በመሆኑ፣ ቀድሞ የተወለደው ሕፃን ስንቁን ሳይዝ መንገድ እንደ ጀመረ ሰው ይቆጠራል። እጅግ ያነሰ ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 3.5 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የእናት ወተት ግን ሳምንታት ካለፉ በኋላ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ የሚኖረው ፕሮቲን ወደ 1 ግራም ገደማ ዝቅ ስለሚል፣ ሕፃኑ በኪሎ 160 ሚሊ ሊትር ቢወስድም የሚያገኘው የሚያሻውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

ማበልጸግ የሚባለው እንግዲህ በታለበው የእናት ወተት ላይ ፕሮቲን፣ ማዕድናትና ቪታሚኖች የያዘ፣ በፋብሪካ የተመጠነ ዱቄት ወይም ፈሳሽ በሆስፒታል መጨመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ይህ ለሁሉም ሕፃን እንዲደረግ አላዘዘም፤ ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለዱ ወይም ከ1.5 ኪሎ ግራም በታች ለሚመዝኑ ግን ሊታሰብበት እንደሚችል ገልጿል።

ቃሉን ሰምቶ በቤት ውስጥ የላም ወተት ወይም ስኳር መቀላቀል ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። በብዙ የአገራችን ክፍሎች የሚዘወተረው አራስ ልጅን ቅቤ ማላስም፣ በበጎ አሳብ ይደረግ እንጂ፣ እንዲህ ላለው አንጀት አደገኛ ነው።

ማበልጸጊያው በማይገኝበት ስፍራ የሚቀረው መላ ጥቂት አይደለም። በመጨረሻ የሚታለበው ወተት ስቡ ስለሚበዛ ኃይል ይጨምራል፤ የፕሮቲንና የማዕድን ጉድለቱን ግን አይሞላም። መሳብ ለማይችለው ሕፃን ወተቱ በባለሙያ እጅ በቀጭን ቱቦ፣ መዋጥ ሲችልም በንጹሕ ስኒ ይሰጠዋል። ሕፃኑን ገላ ለገላ ታቅፎ ማቆየትም ሙቀቱን ይጠብቃል፤ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተካሂዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ይህ ዘዴ በቶሎ የተጀመረላቸው ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት በተሻለ ቁጥር ከሞት መትረፋቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ከኮንጋ ወደ ዲላ ሆስፒታል የሚላክ ሕፃን ቆብ ተደርጎለት፣ ከላይ በጋቢ ተሸፍኖ፣ ከእናቱ ደረት ሳይለይ መጓዝ ይኖርበታል።