የደጋ ሯጭና የቆላ ሙቀት

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ መርጡለ ማርያም ለመሻገር ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ሁሉ የሙቀትን ነገር ያውቃል። ጧት በ2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የወጣ መንገደኛ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ጋቢውን ጠቅልሎ በትከሻው አንግቦታል፤ ላቡም ዓይኑን ያቃጥለዋል። በየ1,000 ሜትሩ ዝቅታ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃልና። ስለዚህ አስተዋይ መንገደኛ ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ ቀትሩን በጥላ ያሳልፋል፤ ዳገቱን የሚጀምረው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው።

ይህን ማንሣታችን በማራቶን ሩጫ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚሰማውን አንድ አስተያየት ለመመርመር ነው። ሯጮቻችን ደገኞች ስለ ሆኑ የትም ቢሄዱ ሳንባቸው ያሸንፋል ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ በዚያ ያደገና የሠለጠነ ሰውነት በጥቂት ኦክሲጅን መሥራትን ይለምዳል። ሙቀትን መቻል ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ ደጋ ደግሞ ይህን ትምህርት አያስተምርም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የምትሆነን ብርሃኔ አደሬ ናት። ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም. የቺካጎን ማራቶን በብርዳማ ቀን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ሮጣ አሸነፈች። በዓመቱ፣ መስከረም 26 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በዚያው ከተማ እንደ ገና ተሰለፈች። ከተማዪቱ በዚያ ወራት መቀዝቀዝ ሲገባት ያልታሰበ ሙቀት መጣ፤ መለኪያው ወደ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወጣ። ሩጫው ከተጀመረ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን አዘጋጆቹ አቋረጡት። በመንገድ ላይ የነበሩት በሺህ የሚቆጠሩ ሯጮች ሩጫቸውን እንዲተዉ ተነገራቸው፤ ብዙዎች ውሃ አላገኘንም ብለው አማረሩ፤ በመቶ የሚቆጠሩትም ሕክምና አስፈለጋቸው። ብርሃኔ ግን ከዚያ ቀደም ብላ ጨርሳ ነበር። ሩማንያዊቷ አድሪያና ፒርቴያ ድሉ የእርሷ መስሏት ለሕዝቡ እጇን ስታውለበልብ፣ ብርሃኔ በመንገዱ ሌላ ወገን ተፈትልካ አለፈቻትና በ3 ሴኮንድ ቀደመቻት። ይሁን እንጂ ሰዓቷ 2 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ49 ሴኮንድ ነበር። ከአምናው በ13 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ዘገየች ማለት ነው። የዚህን ልዩነት ትልቁን ድርሻ ለአየሩ ብንሰጥ የሚከራከረን ያለ አይመስለንም።

ታዲያ 13 ደቂቃው የት ገባ? ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኀይል ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ሩቡ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሦስት እጅ ሙቀት ይሆናል። ይህን ሙቀት ደም ከጡንቻ ተቀብሎ ወደ ቆዳ ያደርሰዋል፤ እዚያም ላብ ሲተን ይዞት ይሄዳል። አንድ ሊትር ላብ ተንኖ ሲያልቅ 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይወስዳል። የሚያቀዘቅዘው ግን የሚተነው ላብ ነው እንጂ የሚንጠባጠበው አይደለም። እንግዲህ በሙቀት ቀን አንዱ ደም ለሁለት ጌታ ያድራል፤ ጡንቻው ኦክሲጅን አምጣ ይለዋል፣ ቆዳው ሙቀቱን አውጣ ይለዋል። ላቡ በበዛ ቍጥር ደግሞ ደሙ ራሱ ይጐድላል፤ ልብም ለዚያው ፍጥነት ይበልጥ መምታት ግድ ይሆንበታል። የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ እየወጣ ሲሄድ አእምሮ ይታወካል፤ እግር ይብረከረካል፤ ፈጥነው ካላቀዘቀዙት ሰው ይሞታል። አቋርጦ የወጣን ሯጭ ወኔ አነሰው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነበር።

እርጥበት ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል፤ አየሩ በውሃ የተሞላ ስለሆነ ላቡ አይተንምና። መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የደመራ ዕለት ነበር፤ በዚያው ሌሊት በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ፀሐይን ለመሸሽ በእኩለ ሌሊት ተጀመረ። ሌሊቱም አላዳነም፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከመቶ 70 በላይ ነበር። ከተነሡት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። ሦስቱም ኢትዮጵያውያት፣ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጄና ሹሬ ደምሴ፣ አቋረጡ። ከስምንት ቀን በኋላ አየሩ ለዘብ ባለበት ሌሊት ወንዶቹ ሲሮጡ ግን ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ወጡ። እንግዲህ ደገኛ ሙቀትን ከቶ አይችልም ማለታችን አይደለም።

ሙቀት ይለመዳል። ከ10 እስከ 14 ቀን በየዕለቱ በሙቀት ውስጥ በልኩ የሠራ ሰው የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፤ ላቡ ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ ይበዛል፣ ጨውነቱም ይቀንሳል። ልማዱ ግን ብድር ነው፤ ወደ ብርዱ የተመለሰ እንደ ሆነ በጥቂት ሳምንት ይጠፋል። ለመካነ ሰላም ወጣት ሯጭ የዓባይ በረሃ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ደገኛው ቆላን የሚፈራው ለሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ለወባውም ነውና በዋዛ ውረድ አንለውም። ደጋው ላይ ሳለ ልምምዱን እንደ ጨረሰ በሙቅ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ቢዘፈዘፍ፣ ወይም ደራርቦ ለብሶ ቢሮጥ፣ ሙሉ ባይሆንም ከፊሉን ጥቅም ያገኛል። ስለ ውሃም ቢሆን በጥማቱ ልክ ይጠጣ፤ ከመጠን በላይ መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ ራሱ አደጋ ይሆናል።

ሙቀቱ ሳይታሰብ በውድድሩ ዕለት የመጣ እንደ ሆነ፣ የሚቀረው ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ፍጥነትን መቀነስ ነው። በዶሃ ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ከዚያ ቀደም ባለው ጥር ወር በዱባይ 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ሮጣ ነበር፤ የዶሃውን ወርቅ ያገኘችው በ2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ነው።