ለሕፃኑ አንጎራጉሩለት

ዛሬ በማታው ክፍላችን ስለገጠመን ነገር እናጫውታችሁ።

ማታ ለማስተማር ስንገባ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። እርሳሱ በእጅ፣ ሕፃኑ በአንቀልባ ነው። አንዱ ያለቅሳል፤ ሌላው ደብተር ይጎትታል። አንድ የሰባት ወር ሕፃን ግን ከሁሉም ይለያል። ሲጮህም ሲጨበጨብም ዝም ነው። እኛም «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» እያልን እናቱን እናመሰግናት ነበር።

አንድ ማታ ትምህርቱ ሲያበቃ «ልጅሽን በምን ታጫውቺዋለሽ?» ብለን ጠየቅናት።

«ስልኬ ላይ ዘፈን ከፍቼ አጠገቡ አስቀምጥለታለሁ። የኔ ድምፅ አያምርም። ደግሞስ ይኸ ሕፃን ምን ያውቃል ብዬ ነው የምዘፍንለት?» አለችን።

ይህን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እማማ «እስቲ ወዲህ አምጪው፣ የኔ ልጅ» አሉ። ሕፃኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ፊት ለፊት እያዩት ስሙን በዜማ ጠሩት። ሕፃኑ ሳቀ። ቀጥለው እናቱ ከበስተኋላው ሆና እንድትጠራው አደረጉ። ዞር አላለም። ሴቶቹ ከኋላው አጨበጨቡ። አሁንም ዞር አላለም።

«ልጆቼ፣» አሉን እማማ፣ «ይኸ ጨዋነት አይደለም። ጆሮውን አሳዩት።»

በማግስቱ እናቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ጆሮው መግል ይዞ ተገኘ። ታከመ፤ ዳነም። ዛሬ እናቱ ከኋላ ስትጠራው ይዞራል። እኛ ፊደል ልናስተምር ገብተን እማማ እኛን አስተማሩን።

ሕፃን መስማት የሚጀምረው መቼ ነው?

ገና በማሕፀን ሳለ ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት የእናቱን ድምፅ ይሰማል። እንደተወለደም የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል። ስለዚህ «ድምፄ አያምርም» የምትል እናት ተሳስታለች። ለሕፃኑ ከዚያ ድምፅ የሚበልጥ የለም።

ዜማ ለሕፃን ምን ይጠቅመዋል?

ስንዘፍን ቃሉን እንስባለን፤ እንደጋግመዋለን። ሕፃኑ ደጋግሞ ሲሰማ ቀጥሎ የሚመጣውን መጠበቅ ይጀምራል። እኛ ቆም ስንል እሱ «አጉ» ይላል። እኛ እንመልሳለን። ንግግር የሚጀመረው እንዲህ ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

ዜማ የሚሰማው በጆሮ ብቻም አይደለም። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) በካናዳ አገር የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰባት ወር ሕፃናትን ፈተኑ። አንድ ዓይነት የከበሮ ምት እያሰሙ ግማሾቹን በየሁለት ምቱ፣ ግማሾቹን በየሦስት ምቱ ከፍ ዝቅ እያደረጉ አጫወቷቸው። በኋላ ሕፃናቱ አብልጠው ማዳመጥ የወደዱት ገላቸው የተወዛወዘበትን ምት ሆነ። ሌላ ሰው ሲወዛወዝ ብቻ ያዩ ሕፃናት ግን ይህን አላሳዩም።

እናቶቻችን ልጅ አዝለው ወተት ሲንጡ፣ እሹሩሩ እያሉ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ሕፃኑን በጀርባቸው ላይ ምት ያስተምሩት ነበር ማለት ነው። ስልክ ይህን አያደርግም። ስልክ አያቅፍም፤ ተራም አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ባወጣው መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ስልክም ሆነ ቴሌቪዥን እንዲያይ አይመክርም።

ታዲያ እንዴት እናጫውት?

1. ሕፃኑ ጠግቦ፣ ነቅቶ ሳለ ይሁን። ፊታችሁን አሳዩት። ስሙን በዜማ ጥሩት። ቆም በሉ፤ መልሱን ጠብቁ።

2. እጆቹን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አጨብጭቡለት። ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ከዜማው ጋር ወዝወዝ አድርጉት። አንገቱ ያልጠና ሕፃን ከሆነ አንገቱን ደግፉ። ሕፃንን በኃይል መነቅነቅ ግን አደገኛ ነው፤ አእምሮውን ይጎዳል።

3. በጣሳ ውስጥ ጥቂት ሽንብራ ጨምራችሁ አጥብቃችሁ ክደኑ። በቀኙ፣ ከዚያም በግራው አንሿሹለት። ጣሳውን ለእሱ ትታችሁ አትሂዱ። ክዳኑ ቢከፈት ፍሬው ሊያንቀው ይችላል።

4. መቆም ሲጀምር «ወፌ ቆመች» በሉለት። ዜማው እግሩን ያደፋፍረዋል።

5. ፊቱን ካዞረ ወይም ካለቀሰ ደክሞታል። ተዉት፤ ይረፍ።

ይህ ሥራ የእናት ብቻ አይደለም። አባትም፣ አያትም፣ ታላቅ ወንድምና እህትም ይዘፍናሉ። ዋጋው አንድ ሳንቲም አይደለም።

ስትጫወቱ ጆሮውን ተመልከቱ

በስድስት ወሩ ወደ ድምፅ የማይዞር፣ በዘጠኝ ወሩ ስሙ ሲጠራ ልብ የማይል፣ ወይም ከጆሮው ፈሳሽ የሚወጣ ሕፃን ካለ «ሲያድግ ይተወዋል» አትበሉ። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በጆሮው ውስጥ ዘይትም ቅቤም አታፍስሱ። ያልሰማ ልጅ ንግግር መማር ይከብደዋል፤ ያለፈው ጊዜም አይመለስም።

ያቺ እናት አሁን ትዘፍናለች። ክፍል ውስጥም ፊደል ስትቆጥር በዜማ ነው። ሕፃኑም ከጀርባዋ ሆኖ «አአአ» እያለ ያጅባታል። ክፍሉ ይረበሻል። እኛ ግን «ዝም አሰኚው» አንላትም።

እስቲ ተወያዩ

ሀ. እናንተ ሕፃን ሳላችሁ ማን ያንጎራጉርላችሁ ነበር?

ለ. ዝምተኛ ሕፃን ሁሉ ጨዋ ነው ማለት ይቻላል? ለምን?

ሐ. ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ሕፃኑን በምን ታጫውቱታላችሁ?