ጎደሬ ስበላ ጉሮሮዬን ያሳክከኛል፤ አለርጂ ነው?



ጅማ፣ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ሰቃ ላላችሁ ጎደሬን ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። ከጓሮ ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎ፣ በቆጭቆጫ ወይ በቅቤ ከቡና ጋር ሲቀርብ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጎደሬ ሲበላ አፉንና ጉሮሮውን የሚያሳክከው ሰው አለርጂ ያለበት ይመስለውና ጭራሽ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አለርጂ አይደለም። ጎደሬው በደንብ አልበሰለም፣ በቃ።

ምን መሰላችሁ፣ ጥሬ ጎደሬ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ መርፌ የሾሉ፣ በጥቅል በጥቅል የተቀመጡ ጥቃቅን ክሪስታሎች ናቸው። ጥሬውን ወይም ግማሽ የበሰለውን ስታኝኩ እነዚህ መርፌዎች ምላስና ጉሮሮ ላይ ይሰካሉ። ሲላጥ እጅን የሚያሳክከውም ይኸው ነው። ተክሉ እንስሳት እንዳይበሉት የሚከላከልበት መሳሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ዋናው መድሃኒት እሳት ነው። ትናንሾቹን ቢያንስ 40 ደቂቃ፣ ትልልቆቹን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀቅሉ። ሹካ ወይም ቢላ ስትሰኩበት መሃሉ ድረስ ያለ ትግል መግባት አለበት። እዚህ ጋር አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጅማ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ዩቲዩብ ላይ የውጭ አገር ሰው 20 ደቂቃ ይበቃል ቢላችሁ እሱ የሚያበስለው ምናልባት ባህር ዳርቻ ላይ ይሆናል። የግፊት ድስት ያላችሁ ተጠቀሙበት፣ ጊዜም ከሰልም ይቆጥባል። የተቀቀለበትን ውሃ ድፉት፤ ለሾርባ አታስቀሩት።

እጃችሁን የሚያሳክካችሁ ደግሞ ከነልጣጩ ቀቅላችሁ ሲበርድ ላጡት። ጥሬውን መላጥ ግድ ከሆነ እጃችሁን ዘይት ቀቡ ወይም ፌስታል አጥልቁ፤ ዓይናችሁን ግን በዛ እጅ እንዳትነኩ።

አፋችሁን ካሳከካችሁ ተጉመጥመጡ፣ ቀዝቃዛ ወተት ወይም እርጎ ጠጡ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይለቃል። ለማስታወክ አትሞክሩ፣ ሲመለስ ሁለተኛ ጊዜ ያቃጥላል። ነገር ግን ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ መተንፈስ ከከበደ ወይም ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። እውነተኛ አለርጂም ቢሆን እንደዚህ ነው የሚመጣው። በተለይ ልጆች የጎደሬን ቅጠል ወይም አገዳ ሲጫወቱ ይነክሳሉ። ሳሎን ውስጥ ለጌጥ የምናስቀምጣቸው ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው አንዳንድ አበባዎችም የጎደሬ ዘመዶች ስለሆኑ ያው ናቸው።

አሁን ወደ ስኳር ህመምተኞች ልምጣ፣ ምክንያቱም በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። "ጎደሬ ከመሬት የወጣ ነው፣ ስኳር የለውም" የሚል ወሬ አለ። ስታርች ሆድ ውስጥ ሲፈጭ የሚሆነው ግን ግሉኮስ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ጎደሬ 35 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ይሄ ከሁለት ቁራጭ ዳቦ በላይ ማለት ነው። ቡና ላይ ስንጨዋወት ደግሞ 300 ግራም መብላት ምንም አይደለም። ጥሩ ጎኑ 5 ግራም ያህል አሰር ስላለው ከነጭ ዳቦ ይሻላል፣ እኔም አትብሉ አልልም። በእንጀራ ወይም በዳቦ ፋንታ ብሉት፣ በላዩ ላይ ሳይሆን። ቡናችሁም ያለ ስኳር ቢሆን ደስ ይለኛል (ጅማ ላይ ይሄን ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ)።

የኩላሊት ህመም ያለባችሁ፣ በተለይ ፖታሺየም ቀንሱ የተባላችሁ፣ ጎደሬ በ100 ግራም ውስጥ 480 ሚሊ ግራም ገደማ ፖታሺየም ይዟል። ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትብሉ። ከተፈቀደላችሁ ልጣችሁ፣ በትንሽ በትንሹ ቆራርጣችሁ፣ በብዙ ውሃ ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉት። የኩላሊት ጠጠር የወጣላችሁም ኦክሳሌቱን አትርሱ፤ ከወተት ወይም ከአይብ ጋር ስትበሉት ካልሲየሙ አንጀት ውስጥ ኦክሳሌቱን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ውሃም በደንብ ጠጡ።

ለህፃናትስ? ከ6 ወር ጀምሮ በደንብ በስሎ፣ ተፈጭቶ መስጠት ይቻላል። የስታርቹ ቅንጣቶች በጣም ደቃቅ ስለሆኑ በቀላሉ ይፈጫል፤ ሃዋይ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ለህፃናት ይሰጡታል። ችግሩ ፕሮቲኑ ነው፣ ከምንም አይቆጠርም። ልጁ ሆዱ ሞልቶ፣ ጉንጩም ሞልቶ፣ በፕሮቲን እጥረት ሊጎዳ ይችላል። እግሩ ካበጠና ፀጉሩ ከሳሳ ያ ውፍረት አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ገንፎው ላይ እንቁላል፣ ወተት ወይም የባቄላ ዱቄት ጨምሩበት።

መትከል ለምትፈልጉ፣ ከአትክልት ሁሉ የሚቀለው ይሄ ነው። ከገበያ ከገዛችሁት ውስጥ ጤነኛ፣ ዓይኑ ያበጠ ትንሽ ጎደሬ ምረጡና የበልግ ዝናብ ሲጀምር በግማሽ ሜትር ርቀት ትከሉ። እርጥበት ይወዳል፣ ሙዝ ጥላ ስርም ይችላል። ሲያድግ አፈር አስታቅፉት። ከ6 እስከ 9 ወር ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ሲረግፍ ደርሷል ማለት ነው። ውሃ ይወዳል ተብሎ ግን ከሽንት ቤት በሚፈስ ቦይ ላይ አትትከሉት፤ እሱ የወስፋት መንገድ ነው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በቡና ቢታወቅም የስራ ስር ሰብሎች ላይም ስለሚሰራ የተሻለ ዝርያ የምትፈልጉ እዛ ጠይቁ።

ቅጠሉንም አብዛኞቻችን እንጥለዋለን። ለጋው በቫይታሚን ኤ የበለፀገ ጎመን ይወጣዋል፤ ግን መርፌው እዛም ስላለ ቢያንስ 45 ደቂቃ ቀቅላችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ ከዛ በኋላ ነው በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የምትጠብሱት። ስትቀምሱት ጫፉን ብቻ ቅመሱ፤ ካሳከከ ወደ ድስቱ መልሱት።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ፃፉልኝ። የስኳር ወይም የኩላሊት መድሃኒት የምትወስዱ ከሆነ የመድሃኒቱን ስም አብራችሁ ፃፉ።