የሥፍራ ፍለጋ፤ በቡልጋሪያ ሠፈር ዙሪያ የገጠርን ታሪክ ስለ ማስተማር

በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቡልጋሪያ ስሙን ያገኘው ከቡልጋሪያ ኤምባሲ መሆኑን የሠፈሩ ተማሪዎች በቀላሉ ይናገራሉ። ጎረቤቶቹ ጎተራና ቄራ ለምን እንዲህ እንደተባሉ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ከታክሲ መውረጃነታቸው በቀር የሚሉት የላቸውም። ጎተራ በእህል ማከማቻው፣ ቄራ በከብት ማረጃው የተሰየሙ በመሆናቸው፣ ሁለቱም ስሞች ገጠሩ ከተማውን ሲመግብ የኖረበትን ታሪክ ይዘዋል። ይህን ታሪክ ተማሪው በእግሩ ሄዶ እንዲያገኘው ጂኦካሺንግ የተባለው የሥፍራ ፍለጋ ጨዋታ ለመምህሩ ይጠቅማል።

ጨዋታው የተጀመረው በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የሳተላይት ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ በማግሥቱ፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ባልዲ ደብቆ ሥፍራውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር አሳወቀ። ፈልጎ ያገኘው ሰው በባልዲው ውስጥ ባለው ደብተር ላይ ይፈርማል። ዛሬ ቁጥሩን ማንኛውም ዘመናዊ የእጅ ስልክ ያነባል። የአንድ ዲግሪ ኬክሮስ ሺኛ ክፍል 111 ሜትር ያህል መሆኑን ተማሪው በእርምጃው ሲያረጋግጥ፣ የካርታ ትምህርት ከሰሌዳ ላይ ይወርዳል። ረጃጅም ሕንፃዎች በበዙበት ሥፍራ ግን የስልኩ ስሕተት ስለሚሰፋ፣ ምልክቱ ከግድግዳ የራቀ ቢሆን ይመረጣል።

በከተማችን ዕቃ መደበቅን አልመክርም። አንድ ጊዜ ሠልጣኝ መምህራን ከአጥር ሥር የደበቁትን ጣሳ የጥበቃ ሠራተኛ አግኝቶት፣ ትምህርት መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። ከዚያ ወዲህ በጣሳው ፋንታ የምንጠቀመው እንቆቅልሽን ነው። ልጆቻችን «ምን አውቅልህ» ብለው ሲጫወቱ፣ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ ጨዋታው ድሮም ቢሆን ከቦታ ስም ጋር የተቆራኘ ነው። ለጎተራ ለምሳሌ «ማሳ የለው፣ በሬ የለው፤ ስሙ ግን እህል ይጠብቃል» የሚል ፍንጭ ከቁጥሩ ጋር ይሰጣል። ቡድኑ ሥፍራው ደርሶ ከሚያየው ነገር ብቻ የሚመለስ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ ይህም የደብተሩን ፊርማ ይተካል።

ጉዞው ወደ ሰሜን ቢቀጥል ለገሃር ይገኛል። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ፍል ውሃ ደግሞ ከሁሉም የሚቀድም ታሪክ አለው። አካባቢው ፊንፊኔ በሚለው የኦሮምኛ ስሙ ይታወቅ የነበረው፣ በ1879 ዓ.ም. ዋና ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት ጀምሮ ነው። ተማሪው በዚህ ሥፍራ ከአስፋልቱ ሥር የነበረውን መስክ እንዲያስብ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ በችኮላ የሚታለፍ ሥፍራ አይደለም።

አስቸኳይ የሚያደርገን ካዛንቺስ ነው። ስሙ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ካሠራው ድርጅት፣ ከካዛ ኢንቺስ የመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሳቢያ የሠፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሥፍራዎች ተዛውረዋል። ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ባይነቃነቁም፣ በዚያ ቁጥር ላይ ምን እንደነበረ የሚናገሩት አረጋውያን ተበታትነዋል። በመሆኑም ፍለጋው በሥፍራው ላይ ብቻ ሊያበቃ አይገባም፤ እያንዳንዱ ቡድን ሥፍራውን የሚያውቁ አንድ አዛውንት አፈላልጎ፣ በፈቃዳቸው ቃላቸውን ከቁጥሩ ጋር ይመዝግብ።

ለአንድ ጉዞ ሦስት ወይም አራት ሥፍራ ይበቃል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ስለማይሞከር፣ ዕቅድ አውጪዎች በየመንፈቀ ዓመቱ ግማሽ ቀን ቢመድቡለት መልካም ነው። ስልክ ለአንድ ቡድን አንድ ከሆነ ይበቃል፤ መንገድ የሚያሻግር መምህር ግን ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር መኖር አለበት። መዝገቡ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቤተሰቦቻቸው ከካዛንቺስ የተነሡ ተማሪዎች ይጻፏቸው።