ፈር ቀዳጅ የነርቭ ሕዋሳት

ፈር ቀዳጅ የነርቭ ሕዋሳት በነፍሳት ፅንስ ውስጥ ከሌሎቹ ቀድመው የነርቭ ክር (አክሶን) የሚዘረጉ ጥቂት ሕዋሳት ናቸው። ዘግይተው የሚያድጉት ክሮች እነዚህን ተከትለው ስለሚጓዙ፣ በአዋቂ አንበጣ ወይም ዝንብ ውስጥ የሚታዩት የብዙዎቹ ዋና ዋና የነርቭ መስመሮች መሠረት የሚጣለው በእነሱ ነው።

ግኝት

እ.ኤ.አ. በ1976 ማይክል ቤት የተባሉ ተመራማሪ በአንበጣ ፅንስ እግር ጫፍ አካባቢ የሚገኙ ሁለት ሕዋሳት ክራቸውን ወደ ማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት እንደሚልኩ አሳዩ። በዚያ ደረጃ እግሩ ገና አጭር ስለሆነ የሚጓዙት ርቀት ትንሽ ነው። መንገዱ አንዴ ከተያዘ በኋላ ግን እግሩ ሲረዝም አብሮ ይረዝማል።

አንበጣ ለዚህ ጥናት የተመቸው ሕዋሳቱ ትልልቅ ስለሆኑና አንዱ ሕዋስ በየፅንሱ በተመሳሳይ ቦታ ስለሚገኝ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሰብል የሚያወድመው የበረሃ አንበጣም ከተጠኑት ዝርያዎች አንዱ ነው።

በአንጎል ውስጥ

የፍራፍሬ ዝንብ (ድሮሶፊላ) ፅንስ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት አንድ ቀን ገደማ ውስጥ ይፈለፈላል። መጀመሪያ የአንጎሉ ግራና ቀኝ ክፍሎች ተለያይተው ይገኛሉ። ቀጥሎ በመካከላቸው የሕዋሳት ድልድይ ይሠራል፤ ከሁለቱም ወገን የሚነሡት የመጀመሪያዎቹ ክሮችም በዚሁ ተሻግረው ሁለቱን ጎኖች ያገናኛሉ። ሌሎች ክሮች ደግሞ በሕዋሳት ሰንሰለት እየተመሩ በምግብ ቧንቧው ግራና ቀኝ ይወርዱና አንጎሉን በሆድ በኩል ከሚያልፈው የነርቭ ገመድ ጋር ያያይዙታል። የኋላው ውስብስብ አንጎል የሚገነባው በዚህ ቀላል መዋቅር ላይ ነው።

መንገዱ የሚገኝበት ዘዴ

የሚያድገው ክር ጫፍ ቀጫጭን ጣት መሰል ዘንጎች አሉት። በእነዚህ ዘንጎች አካባቢውን እየዳሰሰ ወደሚስበው ይዞራል፤ ከሚገፋው ይርቃል። በክሮች ገጽ ላይ ያሉ እንደ ፋሲክሊን ያሉ ፕሮቲኖች ተመሳሳይ ክሮች ተያይዘው እንዲጓዙ ይረዳሉ።

የመካከለኛውን መስመር ማቋረጥ የተለየ ቁጥጥር ይጠይቃል። በመስመሩ ላይ ያሉ ሕዋሳት ስሊት የተባለ ገፊ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ ክሩም በሮቦ አማካይነት ይህን ይለያል። ክሩ ከመሻገሩ በፊት በገጹ ላይ ያለው ሮቦ ጥቂት ነው። ከተሻገረ በኋላ ግን ስለሚበዛ ተመልሶ እንዳይሻገር ያደርገዋል። ሮቦ የሌላቸው ዝንቦች ክሮች ደጋግመው እየተሻገሩ ይዞራሉ፤ የጂኑ ስም የተወሰደውም መኪኖች ከሚዞሩበት የመንገድ አደባባይ ነው።

ፈር ቀዳጆቹ ባይኖሩ

እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ሙከራ የአንበጣ እግር ፈር ቀዳጅ ሕዋሳት እንዳይኖሩ ሲደረግ፣ ተከታይ ክሮች ወደ ማዕከላዊው ሥርዓት መድረስ ተስኗቸው ቀሩ። በሌሎች ቦታዎች ግን ተከታዮቹ ዘግይተውና እየተሳሳቱም ቢሆን መንገዱን ያገኙታል። ስለዚህ የፈር ቀዳጆች አስፈላጊነት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእግር ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሕዋሳት ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ይሞታሉ፤ መንገዱ ግን ይቀራል።

ከሰው ጋር ያለው ዝምድና

ስሊትና ሮቦ በሰውም ይገኛሉ። ሮቦ3 የተባለው ጂን በሁለቱም ቅጂዎቹ ሲበላሽ አንዳንድ የአንጎል ግንድ ክሮች ሳይሻገሩ ይቀራሉ። እንዲህ ያለ ችግር ያለባቸው ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ጎን ማንቀሳቀስ ይሳናቸዋል፤ አከርካሪያቸውም እየቆየ ይጣመማል።